የእጅ ጆሮ

ቫርዶ በምትባል፣ ባሕር በከበባት የሰሜን ደሴት፣
በክረምቷ ፀሐይ ሁለት ወር ሙሉ በማትወጣበት፣
ኦድቫር የሚሉት መካኒክ ጋራዥ ከፍቶ ኖረ፤
አርባ ዓመት ለናፍጣ ጩኸት ጆሮውን ገበረ።

ረጅም ካቻቪቴ አለው፣ እጀታው ያለቀ፣
ጫፉን ሞተር ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ከጆሮው ያጣበቀ፤
«ሦስተኛው ፒስተን አመመው» ይል ነበር ዓይኑን ጨፍኖ፣
እንደ ደረት አድማጭ ሐኪም፣ ለብረት ነፍስ አባት ሆኖ።

እኔ ኢዱን ነኝ፣ ተለማማጁ፤ ሃያ አንድ ነው ዓመቴ፤
የተቀጠርኩት ለጆሮዬ ነው፣ መቼ ለእውቀቴ።
ዛሬ ግን አራት መኪና ቆሟል፤ አንዱም አያጓራም።
ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ለመካኒክ ግን አይሠራም።

የመጀመሪያው የታክሲ ነጂው የሄልጌ፣ ሁለት ልብ ያለው፤
ቤንዚንና ኤሌክትሪክን ለአንድ ጎማ ያዋለው።
ገመድ አያውቅም፤ ከግድግዳ ምንም አይለምንም፣
ፍሬን ሲያዝ በግለት የሚባክነውን ጉልበት አይጥልም፤
ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፣
ያወረደው ክብደት መልሶ ስንቅ ያቀብለዋል።
«ቆጣቢ ነው» አልኩ። «ነው፤ ግን» አለ ኦድቫር፣
«የጉልበቱ ሁሉ ምንጭ ያው ቤንዚን ነው፣ ሲመረመር።»

ሁለተኛው የጥርስ ሐኪሟ፣ በሁለት ቢላ የሚበላ፤
ማታ ከግድግዳ፣ ቀን ከማደያ ሆዱን የሚሞላ፤
ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ያለ አንዲት ጠብታ ያስኬዳል፣
ባትሪው ሲደክም ቤንዚኑ ተነሥቶ ይረከባል።
ፖርታ ባጋሉን ስከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ገመዱ
ከነፕላስቲኩ! ሦስት ዓመት፣ አንድ ቀን አልተፈታም ጉዱ።
ኦድቫር ሳቀ። «ወንዝ ዳር ቤት ሠርቶ ውሃ ጥም» አለ።

ሦስተኛው የአዋላጇ የቶራ፤ ሙሉ በሙሉ በባትሪ፤
ጭስ ማውጫ የሌለው፣ ሻማ የሌለው፣ ያለ ቤንዚን ኗሪ።
ከወለሉ ሥር ባትሪዎቹ እንደ ጡብ ተደርድረዋል፤
ቀጥ ያለ ጅረታቸውን ኢንቨርተሩ ለሦስት ሞገድ ይከፍለዋል።
ሞገዱ በመዳብ ጥቅል ዙሪያ ይሮጣል፣ ማግኔት ሆኖ፤
መካከል ያለው ብረት ይከተለዋል፣ በፍቅር ባክኖ፤
ይከተለዋል፣ አይደርስበትም፤ ቢደርስ ኃይል ባልተፈጠረ፤
ይኸው አለመድረስ ነው ጎማን ሲያዞር የኖረ።
ጠላቱ ብርድ ነው፤ ከስንቁ ሲሶውን ይበላል፤
ምጥ ደግሞ «ባትሪው እስኪሞላ» ቢሉት መች ይታገሣል?

አራተኛው ከጥግ፣ ሸራ ለብሷል፤ የሟች ወንድሙ፤
ሃይድሮጅን ብቻ ነው ጥሙ።
ከአየር ኦክስጅን ጋር በቀጭን ገለፈት ይገናኛል፤
ሳይነድ፣ ሳይጨስ ኤሌክትሪክ ይወልዳል፤ ከኋላው ውሃ ያንጠባጥባል።
ከደቡብ በመርከብ መጣ፤ እዚህ ሃይድሮጅን የሚሸጥ የለም፤
ንጹሕ ነው፣ ብርቱ ነው፤ ምግቡ ሩቅ ነው፣ ባለቤቱም የለም።
ኦድቫር ሸራውን አይገልጥም።
እኔም አልጠይቅም።

የቶራ መኪና ሌላም ስሞታ ነበረው፤ «ያቃስታል» ብላለች።
ማንሻው ላይ ሰቀልኩት፤ ጎማዎቹ አየር ላይ ዞሩ፤
ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ሁለቱንም በየተራ፤
ከውጭ የባሕር ነፋስ ብቻ፣ በሩን ሲመታ፣ ሲያጓራ።
«በርቷል ወይ?» አለ ኦድቫር።
«በርቷል።»
«ምን ይሰማሻል?»
«ምንም።»
«እንኳን ደኅና መጣሽ፤ እንግዲህ እኩል ነን» አለ፤
ካቻቪቴውን ግድግዳው ሚስማር ላይ መልሶ ሰቀለ።

ከዚያ እጁን ሰደደ። «ብርቱካናማውን ገመድ አትንካ!» ብዬ ጮህኩ፤
እንደማይሰማ ረስቼ፤ ኋላ ክንዱን ያዝኩ።
ሳቅ ብሎ ገመዱን አልፎ፣ መዳፉን ሞተሩ ገላ ላይ አኖረ፤
ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደ ድሮው፣ ትንፋሹን ቋጠረ።
«እዚህ ጋ፣ በግራ» አለኝ፤
«ኩሽኔታው አሸዋ እንደቃመ ሰው ያኝካል።»

አጥፍተን፣ ጠብቀን፣ ፈታነው።
እውነቱን ነው፤ ኩሽኔታው ተበልቷል።

ማታ፣ እሱ ከሄደ በኋላ፣ የሄልጌን ታክሲ አስነሣሁ፤
መዳፌን ሞተሩ ላይ ጣልኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ቆየሁ።
ሙቀት ብቻ ነው ያገኘሁት።
ነገም እሞክራለሁ።